ባቡሩ ድሬዳዋ ደርሷል፤ እኛ ግን ባቡሩ ዘንድ መድረስ ተቸግረናል

ግልጽ ደብዳቤ

የመንገደኞች ባቡር አገልግሎትን ለሚመሩና ለሚቆጣጠሩ የሥራ ኃላፊዎች፣ በከተማችን የትራንስፖርት ጉዳይ ለሚመለከታቸው ሁሉ፣ እንዲሁም ለድሬዳዋና ለሐረር ነዋሪዎች

ድሬዳዋ

ክቡራንና ክቡራት፦

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በራሴ ስም ብቻ አይደለም። በባቡር የምንመላለስና በመንገድ የተዋወቅን ሰዎች፣ ከመካከላችን ነጋዴ፣ መምህር፣ ተማሪ፣ ጡረተኛና ለሕክምና የሚመላለስ ሰው ያለበት፣ የየጉዞአችንን ነገር በአንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ላይ ስናሰፍር ቆይተናል። ማኅበር አላቋቋምንም፤ ማኅተምም ሆነ ጽሕፈት ቤት የለንም። ደብተሩ አንዳንድ ጊዜ በእኔ ቤት፣ አንዳንድ ጊዜ ሳቢያን ባለ አንድ ፀጉር ቤት፣ ብዙውን ጊዜ ግን ቀፊራ ገበያ ቅመም በሚሸጡ አንዲት እናት መደብ ላይ ይገኛል። ከጉዞ የተመለሰ ሰው ያየውን ይጽፍበታል፤ መጻፍ የማይችል ያስጽፍበታል። ደብተሩ ሊያልቅ ጥቂት ቅጠሎች ሲቀሩት አንድ ወዳጃችን «ይህን ሁሉ ጽፈን ለማን ነው የምናስቀምጠው?» ብሎ ስለ ጠየቀን፣ ለሚመለከታችሁ ሁሉ በግልጽ ለመጻፍ ወሰንን።

የምንጠይቀው ነገር አጭር ነው። ባቡሩ ከአዲስ አበባም ከጅቡቲም ተነሥቶ ድሬዳዋ ይደርሳል፤ የድሬዳዋ ሰውም ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ተሠራው አዲሱ ጣቢያ ሄዶ ባቡሩ ዘንድ በሰላም፣ በተመጣጣኝ ዋጋና በታወቀ ሰዓት መድረስ ይቻለው። ከዚህ በታች የምናነሣው ሁሉ፣ የትኬቱም፣ የመጓጓዣውም፣ የሰዓቱም፣ የመጠበቂያውም ነገር፣ ከዚህ ከአንዱ ጥያቄ የሚመነጭ ነው።

ድሬዳዋ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአማካሪያቸው ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ሥራ ፈቃድ ሲሰጡ፣ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በሐረር በኩል ወደ መሐል አገር እንዲያልፍ ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ ከቆላው ተነሥቶ የሐረርን ተራራ መውጣት ከተገመተው በላይ ወጪና ድካም የሚጠይቅ ሆኖ በመገኘቱ ሐዲዱ ተራራውን ትቶ ግርጌውን ይዞ እንዲሄድ ተደረገ፤ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከጅቡቲ 311 ኪሎ ሜትር ርቆ የደረሰበት ሜዳም «አዲስ ሐረር» የሚል ስም ወጣለት። ያ ሜዳ ነው ዛሬ ድሬዳዋ የምንለው። የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘብ አልቆበት ከስሮ ሥራው ለሌላ እስኪተላለፍ ድረስ፣ ከዚያም በኋላ ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ፣ 14 ዓመት ያህል ከተማችን ከዋናው የመስመሩ መነሻና መድረሻዎች አንዷ ሆና ኖራለች። ከዚራ የተባለው ሰፈራችን የተቀየሰው ጣቢያውን ተንተርሶ ነው። ወርክሾፑ፣ የሠራተኛው ቤት፣ ሆቴሉና ቡና ቤቱ ሁሉ ከጣቢያው በር በእግር በሚደረስበት ቦታ ላይ ተሠሩ። አሸዋማ ከሆነው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው የመጋላ ሰፈር ነጋዴም ሸቀጡን በጋሪ አስጭኖ አሸዋውን ተሻግሮ ፉርጎው ድረስ ያመጣ ነበር።

አባቴ በምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ፈረንሳይኛ ያወቀው ትምህርት ቤት ገብቶ ሳይሆን ከመፍቻና ከመዶሻ ስም ጀምሮ ነበር፤ እስከ ዕለተ ሞቱም ድረስ የእጁን ሰዓት የሚያስተካክለው በባቡሩ ፊሽካ ነበር። ስለ አሮጌው ባቡር የምናገረው ያን ዘመን ለማሞገስ እንዳልሆነ ግን ከወዲሁ ይታወቅልኝ። ያ ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ብቻ የነበረ፣ ባቡሩ በዳገት የሚያቃስት፣ ፉርጎው የሚያንገጫግጭ መስመር ነበር። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው ያለቀበትን ቀን የዚህ ከተማ ብዙ ቤተሰብ አይረሳውም። በመጨረሻዎቹም ዓመታት ባቡሩ ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል እየተባለ ሰው ጣቢያ የሚያድርበት ጊዜ ነበረ። ያም ሆኖ አንድ ነገር አልጎደለም፤ ሰው ከቤቱ ተነሥቶ በእግሩ ሄዶ ይሳፈር ነበር። ባቡሩ ቢዘገይ ቤቱ ተመልሶ ምሳውን በልቶ ይመጣል፤ ቢቀርም ትኬቱን ይዞ ጎረቤቱ ዘንድ ሻይ ይጠጣል። የጣቢያውን ወሬ ለማወቅ ልጅ መላክ ይበቃ ነበር።

አዲሱ መስመር የዘመኑ ትልቅ ሥራ ነው፤ ይህን ለመናገር አናመነታም። 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ 752 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ሐዲድ ነው። በኢትዮጵያ በኩል መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ የንግድ አገልግሎቱም ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ተጀመረ። ፈጣን ባቡር ረጅም ቀጥተኛ መንገድና ሰፊ ኩርባ ስለሚፈልግ እንደ አሮጌው በሰው ቤት መካከል እየተጠማዘዘ ከዚራ ሊገባ እንደማይችል እንረዳለን። ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ መሠራቱንም ስሕተት ነው አንልም። ነገር ግን ጣቢያን ከከተማ ማራቅ ወጪ አለው፤ ያን ወጪ ማን እንደሚሸከመው አስቀድሞ የታሰበበት አይመስልም። ሲታይ የሚሸከመው መንገደኛው ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

እንዴት እንደሚሸከመው ከራሴ ልጀምር። እናቴ አዲስ አበባ የሐኪም ቀጠሮ ነበራት። ዕድሜዋ ከ70 አልፏል፤ በአውቶቡስ ስትሄድ የጨርጨር ተራራ ጠመዝማዛ ስለሚያዞራት ሂርና ሳትደርስ ትደክማለች። ስለዚህ በባቡር እንድትሄድ ወሰንን። ትኬት ለመቁረጥ ከጉዞው በፊት ጣቢያው ድረስ ሄድኩ፤ በመጀመሪያው ቀን መስኮቱ ዝግ ስለ ነበረ በማግስቱ ተመለስኩ። በጉዞው ዕለት ገና ጎህ ሳይቀድ ከቤት ወጥተን ባጃጅ ፈለግን። ያገኘነው ልጅ «ስመለስ ሰው አላገኝም» ብሎ የመመለሻውንም ዋጋ ጠየቀን፤ እውነቱን ነው፣ በዚያ ሰዓት ከዚያ ማን ይመለሳል? ከኮኔል ተነሥተን ቤቶቹ እየሳሱ፣ መብራቱ እየራቀ፣ ነፋሱ በባጃጁ ሸራ ሲገባ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ እንዳደረገች ወደ እኔ ዘወር ብላ «ልጄ፣ ሽኒሌ ልታደርሰኝ ነው እንዴ?» አለችኝ። ሽኒሌ ጎረቤታችን ያለች ሌላ ከተማ ናትና የባጃጁ ልጅ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ስንደርስ ግን የመጠበቂያው በር ገና አልተከፈተም ነበርና እናቴ ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠች። አጠገባችን አንዲት ወጣት ሕፃን አዝላ ቆማ ነበር፤ ልጁ በእንቅልፉ ይነጫነጫል። በሩ መቼ እንደሚከፈት የሚነግረን ሰው አልነበረም። ጥበቃው በትሕትና «እኔም እንደ እናንተ ነኝ» አለን።

ባቡሩ ከመጣ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ መልካም እንደ ነበር ደግሞ መመስከር አለብኝ። ወንበሩ ንጹሕ ነበር፤ የባቡሩ ሠራተኞች እናቴን ደግፈው አሳፈሯት፤ እርሷም ከሚኤሶ እስከ አዋሽ ያለውን ሜዳ እንቅልፍ ወስዷት አላየችውም። ከሁሉም በላይ በዚያ ጉዞ አልታመመችም። አስተውሉልኝ፤ በብዙ ቢሊዮን ብር የተሠራው ነገር እንዲህ በሚገባ ይሠራል፤ መንገደኛውን የሚያስመርረው ግን ከቤት እስከ ጣቢያ ያለችው ትንሿ ርቀት ናት። ሌላው ተሟልቶ እርሷ ስትጎድል ሰው ወደ አውቶቡስ ይመለሳል።

ሒሳቡን አንዳንዴ እናሰላዋለን። ትኬት ለመቁረጥ ወደ ጣቢያ የሚሄድ ሰው ለመሄድና ለመመለስ ሁለት ጊዜ ባጃጅ ይይዛል። ለመሳፈር ሲሄድ ሦስተኛ፣ ከአዲስ አበባ ሲመለስ አራተኛ። ትኬት ባያገኝና እንደገና ቢመለስ ስድስት ይሆናል። ቀፊራ ያሉት እናት ይህን ሲሰሙ «እንግዲያማ ባጃጁን አዲስ አበባ ድረስ ብኮናተር ይሻለኛል» ብለው ደብተሩን ዘጉት። ቀልድ ነው፤ ግን የባጃጅ ሾፌሮችንም መውቀስ አንፈልግም። ታሪፍ የሌለው፣ ተራ የሌለው፣ መመለሻ የሌለው መንገድ ላይ የሚሠራ ሰው ዋጋውን በራሱ ግምት ያወጣል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችን የሚከተለው ነው። ባቡር በሚወጣበትና በሚገባበት ቀን ሁሉ ከከዚራ አሮጌው ጣቢያ ፊት ለፊት ተነሥቶ፣ በመጋላ በኩል የሚመጣውንም ሰው አሳፍሮ፣ ወደ አዲሱ ጣቢያ የሚያደርስ አውቶቡስ ይመደብ፤ ክፍያውም ከትኬቱ ጋር አብሮ ይከፈል። አውቶቡሱ ባቡሩን የሚጠብቅ እንጂ የራሱን ሰዓት ጠብቆ የሚሄድ መሆን የለበትም፤ ባቡሩ ሌሊት ከገባ ሌሊት ይጠብቅ። ይህ በከተማው አስተዳደርና በባቡሩ በኩል በጋራ ሊፈጸም የሚችል፣ አዲስ ግንባታ የማይጠይቅ ነገር ነው፤ ሁለት አውቶቡስ፣ ሁለት ሾፌር፣ አንድ ስልክ የሚያነሣ ሰው ይበቃዋል። ከዚያም ጋር ትኬት በከተማው ውስጥ በቋሚነትና በታወቀ ሰዓት ይሸጥ። ገንዘብ በስልክ መላክ የለመደ ሰው በስልኩ ይግዛ፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ስልኩ ቁልፍ የሚጫን አሮጌ ስልክ የሆነ፣ ወይም ማንበብ የማይችል፣ ወይም አማርኛ የማይናገር መንገደኛ በዚህ ከተማ ብዙ ነው። የሶማሌውም የኦሮሞውም ገበሬና አርብቶ አደር ቀርቦ በአፉ ጠይቆ የሚገዛበት መስኮት ያስፈልገዋል።

አሮጌውን ጣቢያ መነሻ አድርገን ያቀረብነው በናፍቆት እንዳይመስላችሁ። በሩ ላይ በአማርኛና በፈረንሳይኛ የተጻፈበትን ያን ሕንፃ የማያውቅ የድሬዳዋ ሰው የለም። ለባዕድ ሰው አድራሻ መንገር ቢያስፈልግ «ለገሃር ፊት ለፊት» ማለት ይበቃል። ጎብኚዎች አሮጌዎቹን የባቡር ሞተሮች ሊያዩ ወርክሾፑን ይጠይቃሉ፤ በቅርስነት ይጠበቅ የሚሉትን ወገኖችም ከልብ እንደግፋለን። ቢሆንም ጣቢያ ሆኖ የተሠራ ቤት መንገደኛ ቢገባበት ይበልጥ ያምርበታል ብዬ አምናለሁ። ሐዲዱ ባይደርስበት እንኳ ትኬት የሚቆረጥበት፣ ሻንጣ የሚመዘንበት፣ አውቶቡስ የሚነሣበት ቢሆን ቅርሱም በሥራ ላይ ሆኖ ይጠበቃል።

ሁለተኛው ትልቁ ነገር የሰዓት ጉዳይ ነው፤ በደብተራችን ውስጥ ከሁሉ በላይ የተጻፈበትም እርሱ ነው። ባቡር ለምን እንደሚዘገይ ጨርሶ የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። ከሰበታ እስከ አዳማ ያለው 115 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ጥንድ ሐዲድ ያለው ሲሆን ከአዳማ ወዲህ እስከ ድሬዳዋና እስከ ጅቡቲ ያለው ነጠላ ነው። ስለዚህ ከላይ የሚመጣውና ከታች የሚሄደው ባቡር በአንድ ጣቢያ ላይ መተላለፍ አለባቸው፤ አንዱ ቢዘገይ ሌላው በግድ ቆሞ ይጠብቃል። ኃይል የሚመጣው ከአገሪቱ የኤሌክትሪክ መስመር በመሆኑ መብራት ሲጠፋ ባቡሩም ይቆማል። ግመልና ከብት ሐዲድ ሲሻገር ይገጫል፤ ያኔ የከብቱ ባለቤት ማዘኑ አይቀርም፣ ባቡሩም መቆሙ አይቀርም። ይህን ሁሉ እናውቃለን፣ እንታገሣለንም። መዘግየቱን እንችለዋለን፤ ዝምታውን ግን አልቻልነውም።

አንዲት ተማሪ ደብተሩ ላይ የጻፈችው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ቀረ» ብላ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። በሌላ ገጽ አንዲት እናት እንዲህ አስጽፈዋል፤ «ትኬት ልቆርጥ ሄድኩ፣ ነገ ነይ ተባልኩ። ነገ ሄድኩ፣ አልቋል ተባልኩ። ከነገ ወዲያ አልሄድኩም።» አንድ መምህር ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ በየሰዓቱ የጻፈው ረጅም ገጽ አለ፤ ሲጀምር ጽሑፉ የጥቁር ሰሌዳ ጽሑፍ ይመስላል፣ ወደ መጨረሻው ግን መስመሩን ስቶ ይወርዳል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ «ማንም ምንም አላለም» ብሎ አቁሟል። ደስ የሚል ነገር የለበትም እንዳትሉን፤ አንድ ነጋዴ «በሰዓቱ ወጣ፣ በሰዓቱ ገባ፣ እግዜር ይስጥልን» ብሎ ጽፏል። ይህቺን ገጽ ለሰው ሁሉ እያነበብን እናሳያለን፤ ሊሆን እንደሚችል ማስረጃችን ናትና።

የምንጠይቀው ለዚህ ነው። የጉዞ ፕሮግራሙ ቢያንስ የአንድ ወር አስቀድሞ በጽሑፍ ይለጠፍ፤ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይሁን። ለውጥ ሲኖር ትኬት የቆረጠ ሰው ሁሉ የስልክ ቁጥሩን ሰጥቷልና አጭር የጽሑፍ መልእክት ይላክለት። ባቡሩ ሚኤሶ ላይ ቆሞ ከሆነ «ሚኤሶ ቆሟል፣ ከሁለት ሰዓት በፊት አይደርስም» ይባል፤ ሰው ቤቱ ይተኛ፣ አሮጊት ከሻንጣ ላይ ትነሣ። ጉዞው ከተሰረዘ ገንዘቡ ያለ ምልልስ ይመለስ፤ ስንት ቀን ውስጥ፣ በየትኛው መስኮት እንደሚመለስም ትኬቱ ጀርባ ላይ ይጻፍ። ይህ ሁሉ ከአንድ ሠራተኛና ከአንድ ስልክ የበለጠ ነገር አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ነገር ቢኖር መንገደኛውም ሊያውቅ ይገባዋል ብሎ ማሰብ ነው።

የባቡሩ ቀናት ቁጥር ጉዳይም አለ። በየቀኑ የማይመጣ ባቡር ላይ ሕይወቱን የሚያቅድ ሰው የለም። ሐሙስ ቀጠሮ ያለበት ሰው ባቡሩ ረቡዕ ከሌለ በአውቶቡስ ይሄዳል፤ አንድ ጊዜ በአውቶቡስ የሄደም ሰው ሁለተኛ ጊዜ ባቡሩን አይጠይቅም። ከዚያ በኋላ «መንገደኛ የለም» ይባላል። ነጠላ ሐዲድ ላይ በአንድ ጊዜ ዕለታዊ አገልግሎት መጀመር እንደሚከብድ ይገባናል፤ ሆኖም መቼና በምን ቅደም ተከተል ወደዚያ እንደሚደረስ የታቀደ ነገር ካለ እንድናውቀው እንጠይቃለን።

የመጠበቂያው ነገር ረጅም ክርክር አያስፈልገውም። ድሬዳዋ ቆላ ናት፤ ከየካቲት በኋላ ያለውን ሙቀት ለማታውቁ መንገር ያስቸግራል፣ ለምታውቁም መንገር አያስፈልግም። በጥላ ሥር የተደረደሩ አግዳሚ ወንበሮች፣ የሚፈስ የመጠጥ ውሃ፣ ውሃ ያለው መጸዳጃ ቤት፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው የሚሆን መወጣጫ፣ ሌሊት የሚበራ መብራት። የጣቢያው ሕንፃ ትልቅና የሚያምር ነው፤ እብነ በረድ እንዲጨመርበት የጠየቀ ሰው የለም። በሩ ከባቡሩ በፊት በቂ ሰዓት ይከፈት። ሻይ የሚያፈሉ ሴቶች ከበሩ አጠገብ በሥርዓት የሚሠሩበት ቦታ ቢሰጣቸው ደግሞ መንገደኛውም እነርሱም ይጠቀማሉ፤ የአሮጌው ባቡር ጣቢያዎች ሁሉ፣ ብርቱካን ይሸጥበት የነበረውን ኤረርን ጨምሮ፣ የቆሙት በእንዲህ ያለው ትንሽ ንግድ ነው።

ስለ ቁልቢ ገብርኤል ለብቻው ማንሣት እንፈልጋለን። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ከመላው አገር የሚነሣው ምእመን ስንት እንደሆነ ማንም ያውቃል፤ በእነዚያ ቀናት ከአዲስ አበባ እስከ ቁልቢ ያለው መንገድ በመኪና ተጨናንቆ አደጋም የሚበዛበት ነው። ባቡሩ ከእነዚህ ቀናት በፊትና በኋላ ተጨማሪ ጉዞ ቢያደርግና ከድሬዳዋ ጣቢያ በደንገጎ ዳገት በኩል ቁልቢ የሚያደርስ አውቶቡስ ከባቡሩ ጋር ቢቀናጅ፣ የአንድ ሳምንት ገቢው ብቻ ከብዙ ወራት የመንገደኞች ገቢ ጋር ሊወዳደር ይችላል ብዬ እገምታለሁ። ይህ ግምቴ ነው፤ ሒሳቡን ከእኔ የተሻለ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ለሁለቱ ኢዶችም እንዲሁ። ሐረርስ? ከተማዋ ከመጀመሪያው ባቡሩ ሊደርስባት ታስቦ ሳይደርስባት የቀረች ናት፤ ዛሬም ከጁገል፣ ከሐረር ግንብ፣ የሚነሣው መንገደኛ ደንገጎን ወርዶ ነው ባቡር የሚያገኘው። ቀጥታ ሐረርን ከጣቢያው የሚያገናኝ አውቶቡስ ቢኖር ያ አሮጌ ዕዳ በከፊል ይከፈላል።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠን መልስ አንድ ነው፤ ባቡሩ የተሠራው ለጭነት ነው፣ መንገደኛ አያዋጣም የሚል። የአገራችን የወጪና የገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ በኩል እንደሚያልፍ እናውቃለን። ማዳበሪያውና ስንዴው በሰዓቱ መግባት እንዳለበት፣ ቡናውም መውጣት እንዳለበት የሚከራከር የለም። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠናም የሚቆመው በዚሁ ጭነት ላይ ነው። ነገር ግን ነጋዴውም፣ ጉምሩክ አስተላላፊውም፣ የፋብሪካውም ሠራተኛ ሰው ነው፤ እቃው በባቡር ሄዶ ባለቤቱ በአውቶቡስ የሚከተለው ለምንድን ነው? ደግሞም ይህ መስመር የግለሰብ ንብረት አይደለም። ከባለቤትነቱ 75 በመቶው የኢትዮጵያ፣ 25 በመቶው የጅቡቲ መንግሥት ነው፤ ማለትም ዕዳውን የሚከፍለው ሕዝብ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ብቻ ከ341 ሺህ በላይ ሰው የተቆጠረባት ይህች አስተዳደር ከጭነቱ ጎን ለራሷ አንድ ወንበር ብትጠይቅ አልበዛባትም።

የራሳችንንም ጥፋት እንናገር። ከትኬቱ የሚበልጥ ሻንጣ ይዞ የሚመጣ፣ የሌላ ሰው ወንበር የሚይዝ፣ የጫት ገረባ ወንበር ሥር ትቶ የሚወርድ፣ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ መጥቶ በሩ ለምን ተዘጋ ብሎ የሚጮህ መንገደኛ ከመካከላችን አለ። ደብተራችን ላይ አንድ የባቡሩ ሠራተኛ ጓደኛችን በጠየቀን መሠረት ስለዚህም የጻፍንበት ገጽ አለ። ደንቡ ተጽፎ ይለጠፍ፤ እኛም እርስ በርሳችን እንቆጣጠራለን።

ከኃላፊዎች የምንለምነው የመጀመሪያ እርምጃ አንድ ስብሰባ ነው። የባቡሩ ኃላፊዎች፣ የከተማው የትራንስፖርት ኃላፊዎች፣ የባጃጅ ማኅበራት ተወካዮችና ከመንገደኞች ሁለት ሦስት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ። የአውቶቡሱን መነሻ፣ የባጃጁን ታሪፍና የትኬት መሸጫውን ቦታ በዚያው ቀን መወሰን ይቻላል ብለን እናምናለን። ለስብሰባው አዳራሽ ካልተገኘ ቀፊራ ያሉት እናት በመደባቸው ጀርባ ያለውን በረንዳ ሰጥተዋል፤ ሻይም እንደሚያፈሉ ቃል ገብተዋል።

ምላሻችሁን ለእኔ በግል መላክ አያስፈልግም። በአሮጌው ጣቢያ በር ላይ ብታስለጥፉት ሁላችንም እናነበዋለን፤ ማንበብ ለማይችልም እናነብለታለን። የደብተሩን ሙሉ ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዘናል፤ የሰዎቹ ስም በቀለም ተሰርዟል። ዋናው ደብተር ስላለቀ ትናንት አዲስ ገዝተናል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ እስካሁን ቀኑ ብቻ ተጽፎ ይገኛል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ከድሬዳዋ የባቡር መንገደኞች አንዱ፣ ስለ ሌሎቹም